ያልተሸነፈው ጉደታ እና የእግሩ አውራ ጣት

እንኳን ደስ ያላችሁ፤ ተሸነፈ። ሦስት ለአንድ ተሸነፈ። በጠራራ ፀሐይ፣ አርባ የሚሆን ምስክር እያየው፣ የመጨረሻው ፊሽካ እስኪነፋ ከወንበሩ ሳይነሳ፣ ሰው እንደሚሸነፈው አድርጎ ተሸነፈ። አምቦ ይህን ዜና አሥር ዓመት ጠብቃዋለች። ሲጠብቁ ጢም ያበቀሉ አሉ፤ ጢም አብቅለው፣ አግብተው፣ ልጅ አንደኛ ክፍል ያስገቡም አሉ።

የተሸነፈው ጉደታ ነው። ሌላ ማን ይሆናል? ሌላውማ በየቀኑ ሲሸነፍ ነው የኖረው።

ለማያውቀው ሰው፦ ከገበያው ወደ ሁሉቃ ወንዝ በሚወርደው ኮብልስቶን ላይ አንዲት የቆርቆሮ ታፔላ አለች። በትልቁ «ጉደታ ፕሌስቴሽን ቤት» ትላለች፤ ከሥሯ ደግሞ በቀይ ቀለም «ያልተሸነፈው» የሚል ተጨምሮባታል። ቀዩን ቃል የጻፈው ሠዓሊ አይደለም። በር ተቀብቶ በተረፈ ቀለም ራሱ ጉደታ ነው የጻፈው። ቤቷ ራሷ የመኖሪያ ቤቱ የፊት ክፍል ናት። በውስጧ አንድ ሆዷ የገፋ ቴሌቪዥን፣ አንድ ማጫወቻ፣ ሁለት ጆይስቲክ፣ ለደንበኛ የሚሆን አግዳሚ፣ ለጉደታ ደግሞ ቆዳው የተቀደደ ባለመደገፊያ ወንበር አለ። በግድግዳው ላይ በእጁ የጻፈው የቤቱ ሕግ ተለጥፏል። አንደኛ፣ ተሸናፊ ከፋይ። ሁለተኛ፣ ጆይስቲክ መወርወር ክልክል ነው። ሦስተኛ፣ መብራት ከጠፋ ጨዋታው እንዳልተጀመረ ይቆጠራል። ሦስተኛዋ በሁለት መስመር ተሰምሮባታል። ለምን እንደተሰመረባት ስንት ዓመት ማንም አልጠየቀም።

ከወንበሩ በስተጀርባ፣ ከግድግዳው ላይ፣ የ2006 ዓ.ም. ካሌንደር ተሰቅሏል። 2007 መጣ፣ ካሌንደሩ አልወረደም። 2010 መጣ፣ አልወረደም። ሰው ሲጠይቀው ጉደታ ረጅም ትንፋሽ እየሳበ ቤቱን የከፈተበት ዓመት ስለሆነ ለመታሰቢያ እንዳቆየው ይናገር ነበር። ሰዉም ለነገሩ ልቡ ይነካ ነበር። እንዲህ ዓይነት ሕዝብ ነን።

ጉደታ የተወለደው አምቦ ሀገረ ሕይወት ትባል በነበረበት ዘመን ነው፤ የስምንተኛ ክፍል ሰርተፊኬቱ ላይም እንደዚያው ነው የተጻፈው። በትምህርት ቤቱ ቡድን ውስጥ ተጠባባቂ በረኛ ነበር። ተጠባባቂ በረኛ ማለት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የሌሎችን ልብስና ጫማ ጠባቂ ማለት ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ልብስ ጠበቀ። በአራተኛው ዓመት ዋናው በረኛ ወባ ያዘውና ጉደታ ጌዶ ከተማ ላይ ተሰለፈ። ሰባት ገባበት። ሰባተኛዋን ራሱ ለተከላካዩ በእጁ ሲወረውር ነው ያስገባት የሚሉ አሉ፤ እሱ ግን ንፋስ ነበር ይላል። ሲመለሱ በጭነት መኪና ላይ ነበሩ፤ ከጌዶ እስከ አምቦ ድረስ ያልሰደቡት አብረው የተጫኑት ፍየሎች ብቻ ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ሜዳ አልረገጠም። በአንድ መሥሪያ ቤት የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ሆኖ ሃያ ዓመት አካፋና ዶማ ሲያስረክብ ኖረ። አስካለችን አገባ። አስካለች የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት፤ ስትናገር ድምፅዋን ከፍ አታደርግም፣ የምትናገረው ግን ሰው ላይ እንደ ኖራ ይቀራል። በ2006 መስከረም የአስካለች ወንድም ከአዲስ አበባ አሮጌ ፕሌስቴሽን ይዞ መጣ። ጉደታ አንድ ከሰዓት በኋላ ተጫወተበት፤ በማግስቱ የሥራ መልቀቂያ አስገባ። በአርባ ዓመቱ የሕይወቱን ጥሪ ያገኘ ሰው ፊት ምን እንደሚመስል ማየት የፈለገ ያኔ መምጣት ነበረበት።

ስለ ጨዋታውም ጥቂት ልበል፤ የአሁን ልጆች አያውቁትም። ዛሬ በየስልኩ ያለው ኳስ ተጫዋቹ ላብ ሲያልበው ሁሉ ያሳያል። ያኔ ግን የተጫዋቹ ፊት እንደ ድንች ነበር፤ ማን ማን እንደሆነ የሚታወቀው በጸጉሩና በጀርባ ቁጥሩ ብቻ ነው። ዲስኩ የኮፒ ኮፒ ስለሆነ የጨዋታው ተንታኝ የሚናገረው በጃፓንኛ ነበር። ጎል ሲገባ ሰውየው ትንፋሹ እስኪቆረጥ ይጮሃል፤ ምን እንደሚል የሚያውቅ ከአምቦ እስከ ነቀምት አልተገኘም። ጉደታ ግን ይተረጉመው ነበር። እሱ ሲያገባ «ይሄ ልጅ ከየት መጣ አለ» ይላል። ሌላው ሲያገባ «ዝም ብሎ አጋጣሚ ነው አለ» ይላል። ጃፓናዊው በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ነው የጮኸው። ሰው ግን ትርጉሙን ይቀበል ነበር፤ ቴሌቪዥኑ የጉደታ፣ ጆይስቲኩ የጉደታ፣ ጃፓንኛውም የጉደታ።

አሁን ወደ ጉዱ ልግባ። በዚያው በ2006 ጥቅምት ላይ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጉደታን ሦስት ለባዶ እየመራው፣ ሰባኛው ደቂቃ ላይ መብራት ጠፋ። የእውነት ነው የጠፋው፤ ከተማው ሁሉ ነው የጠፋው። ተመልካቹ ተማክሮ ጨዋታው እንዳልተጀመረ ይቆጠር አለ፤ ተማሪውም ጨዋ ልጅ ነበርና እሺ ብሎ ሄደ። ጉደታ ባዶው ክፍል ውስጥ ብቻውን ቀረ። ያን ጊዜ በሆዱ ውስጥ የፈሰሰውን ጣፋጭ ነገር ከዚያ በፊት ቀምሶት አያውቅም። ጌዶ ላይ ሰባቱ ሲገቡ ሰማዩን እንዲያጠፋለት የለመነው አምላክ ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ መልስ ሰጠው። ሦስት ጎል ነበረ፤ አሁን የለም። ያየው ሰው ሁሉ አላየም።

የመጀመሪያው የእግዜር ነበር። የቀሩት የጉደታ ናቸው።

ከወንበሩ በስተጀርባ፣ ግድግዳው ላይ፣ የቤቱን መብራት የምታበራና የምታጠፋ ብሬከር አለች፤ ወደ ታች ስትሳብ ትጠፋለች። ጉደታ በብሬከሯ አንገት ላይ ቀጭን ሲባጎ አሰረ፤ ሲባጎዋን ግድግዳው ላይ በተመቱ ምስማሮች አሳልፎ ወደ ወንበሩ እግር አወረዳት፤ ጫፏን ቀለበት አበጀላት። ብሬከሯን ካሌንደር ሸፈናት። ቀለበቷ ለእግሩ አውራ ጣት ናት። ስለዚህ ጉደታ በሐምሌ ዝናብ ጭቃውን እያንቦጫረቀ እንኳን ክፍት ሸበጥ ነበር የሚያደርገው። እግሬ ይሞቀኛል ይል ነበር። ማታ አይጫወትም፤ ዓይኔን ያመኛል ይል ነበር። ቀን ማን አምፖል ያበራል? በአንድ ጎኑ ባሕር ዛፍ ነው፣ በሌላው ጎማ ጠጋኝ። ፊት ለፊቱ የአዴ ለሊሴ ወፍጮ ቤት ነው፤ እሱ ደግሞ በናፍጣ ሞተር ይንደቀደቃል፤ መብራት ኖረ አልኖረ አይገደውም። መብራት የእውነት የሚጠፋባት ከተማ ለውሸታም ገነት ናት።

ፍርድ አይዛባና፣ ጉደታ ውሸቱን ቆጥቦ የሚጠቀም ውሸታም ነበር። ቀለበቷን በወር ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ ነበር የሚነካት። በሌላው ጊዜ የእውነት ያሸንፍ ነበር። ሁለት ለባዶ ሲመሩት ግን መጀመሪያ ፊቱ ይጠቁራል፣ ቀጥሎ ይቁነጠነጣል፣ ቀጥሎ ጣቱ ትዘረጋለች፣ ቀጥሎ ጨለማ። ከዚያ ከሁሉ በላይ የሚናደደው እሱ ነው። ጭንቅላቱን ይዞ «ልመለስበት ስል! ልመለስበት ስል!» ይላል። ተመልካቹ ያጽናናዋል። መሪው ራሱ ያጽናናዋል።

ይበልጡን ያጽናናው ቲቸር ዋቅጋሪ ነው። ዋቅጋሪ የታሪክ መምህር ነው፤ ሰፊ ኮት፣ ሰፊ ንባብ፣ ጠባብ ዕድል። ከ2007 ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጉደታ ጋር ይገጥማል፤ በአፍሪካዊነት መርህ ካሜሩንን ብቻ ይመርጣል፤ በካሜሩን ይሸነፋል። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ የመራው አሥራ አንድ ጊዜ ነው። አሥራ አንዱንም መብራት ጠፋ። የተማረ ሰው ስለሆነ ነገሩን መርምሮ ምክንያት አገኘለት፦ ጎል ሲገባ ምስሉ በፍጥነት ይቀያየራል፤ ምስል ሲቀያየር ቴሌቪዥኑ ብዙ ኃይል ይስባል፤ ያረጀ መስመር ይህን አይችልም። ታዲያ ጉደታ ሲያገባ ለምን አይጠፋም ቢሉት፣ የካሜሩን ማልያ ደማቅ አረንጓዴ ነው አለ። ይህን ለተማሪዎቹ ክፍል ውስጥ አስረድቷል። ማስታወሻ ደብተራቸው ላይ የጻፉት አሉ።

እንዲህ እንዲህ ሲል 2016 ደረሰ። በዚያ ዓመት አዴ ለሊሴ የናፍጣ ሞተሩን ሸጡና ወፍጮውን በኤሌክትሪክ አደረጉት። ወፍጮ ወፍጮ ነው፤ ያው ይጮሃል። ጉደታ አንድ ጊዜም ነገሩን ልብ አላለም። አሥር ዓመት ያልተያዘ ሰው ጆሮው ይደነቁራል።

ግንቦት ላይ፣ ቅዳሜ ቀን፣ ዋቅጋሪ አሥራ ሁለተኛ ጊዜ መራ። ሁለት ለባዶ። ጣት ተዘረጋች፣ መብራት ጠፋ፣ ጉደታ ጭንቅላቱን ያዘ። በዚህ መሃል አዴ ለሊሴ የአስካለችን ዱቄት ተሸክመው ገቡ። ስድሳ ያለፉ፣ ሽፋሽፍታቸው ሳይቀር ዱቄት የለበሰ፣ ነገር የማያወሳስቡ ሴት ናቸው። ጨለማውን አዩና የጉደታ ቤት ብቻ ለምን ጠፋ ብለው ጠየቁ።

«ከተማው ሁሉ ጠፍቶ ነው፣ አዴ ለሊሴ» አላቸው ጉደታ።

«የኔ እየፈጨ ነው። አትሰማም እንዴ?»

«የእርስዎማ በናፍጣ ነው።»

«ናፍጣውን ከፋሲካ በፊት ሸጬዋለሁ። ገዢው መጥቶ ሲጭን አብረኸን የገፋኸው አንተ አይደለህም?»

ቤቱ ዝም አለ። ወፍጮው ግን ዝም አላለም። ዋቅጋሪ ጆሮውን ወደ በሩ አዘንብሎ እንደ ተማሪ ሲያዳምጥ ጉደታ አየው። ቶሎ ብሎ መስመሩ አርጅቷል፣ አንዳንዴ የኛ ብቻ ይጠፋል አለ። ብልህ መልስ መስሎት ነበር። አዴ ለሊሴ ግን ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አልነበራቸውም፤ የዱቄት ብናኝ እሳት ካገኘ እንደ ቤንዚን እንደሚነድ የወፍጮ ቤት ሰው ሁሉ ያውቃል፤ የጉደታ የተበላሸ መስመር ደግሞ ከእሳቸው በአሥር እርምጃ ላይ ነው። ለእሱም አዘኑ፣ ለራሳቸውም ሰጉ። በማግስቱ ከቤተክርስቲያን መልስ ወፍጮውን የዘረጋላቸውን ኤሌክትሪሺያን ሚልኬሳን ይዘው መጡ። በራሳቸው ወጪ፣ ማሎ፣ እባክህ አትቸገር ብለው። ሰውን ደግነት እንደሚያጋልጠው ጠላት አያጋልጠውም።

ጉደታ ሲባጎዋን ሌሊቱን ፈትቶ ኪሱ ከቷታል። በዚህ ተማምኖ ደረቱን ነፍቶ በሩን ከፈተ። ዋቅጋሪም መጥቷል፤ እሁድ ቀን የዋቅጋሪ እግር ወደዚያ ሄዶ አያውቅም ነበር። አስካለች በጓዳው በር ላይ ቆማለች። ሚልኬሳ ካሌንደሩን አነሳ። ከሥሩ ያለው ግድግዳ ነጭ ነው፤ ዙሪያው ቡናማ። ብሬከሯን ነካ አደረጋት፤ አንገቷ በገመድ ተበልቶ ቀለበት እንደኖረበት ጣት ሰርጉዷል። ከዚያ አንድ ምስማር አየ። ከሥሩ ሌላ ምስማር። ጉደታ ሲባጎዋን እንጂ ምስማሮቹን አላሰባቸውም ነበር። ሚልኬሳ በጣቱ እየተከተለ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ወረደ፤ ስድስተኛው ላይ ተንበረከከ፤ ከወንበሩ እግር ሥር ሲደርስ ቀና አለ።

«ኦቦ ጉደታ፣ ይሄ ምስማር ለምን ተመታ?»

«ልብስ ማስጫ ነው።»

«ከብሬከር ላይ?»

«አስካለች ትነግርሃለች» አለ ጉደታ፤ በሕይወቱ ከሠራቸው ስሕተቶች ሁሉ ትልቁ ይህ ነው።

አስካለች ክንዷን አጣጥፋ፣ ድምፅዋን ሳታነሳ፣ ይህ ሰው ልብስ ካሰጣ ሃያ ዓመት እንዳለፈው ተናገረች። ሲባጎዋን ከ2008 ጀምራ እንደምታውቃት፣ ለመጥረግ ጎንበስ ስትል እንዳገኘቻት፣ ጎልማሳ ሰው በእንዲህ ዓይነት ነገር ከተደሰተ ይደሰት ብላ እንደተወችው ጨመረች። ይህ ብቻ ቢሆን ጉደታ ይችለው ነበር።

«እኔም አንዳንዴ ስቤያታለሁ» አለች።

«ምን?»

«ሰው ሲበዛ። ጓዳ በኩል በእንጨት ይደረስባታል።»

ጉደታ ተነስቶ ቆመ። የተያዘ ሌባ መሆኑን ረሳው። «በ2011 አምስት ለባዶ እየመራሁ የጠፋው?»

«እናቴ መጥታ ነበር።»

አምስት ለባዶ የሕይወቱ ትልቁ ውጤት ነበር፤ ያን ቀን ከልቡ አልቅሷል፤ መብራቱን የሚያጠፉትን ሰዎች ዘር ማንዘር ረግሟል። አሁን ወንበሩ ላይ ወደቀ። አዴ ለሊሴ ስቀው ስቀው ከሽፋሽፍታቸው ዱቄት ረገፈ። ዋቅጋሪ ግን አልሳቀም። ከካሜሩን አረንጓዴ ማልያ ጋር ዘጠኝ ዓመት የኖረ ሰው እንዴት ይስቃል?

ዋቅጋሪ ይቅርታ አልፈለገም። የፈለገው አንድ ጨዋታ ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ፣ በገበያ ቀን፣ ብሬከሯ በሳጥን ተቆልፋ፣ ቁልፉ በአዴ ለሊሴ እጅ ሆኖ። ጉደታ ካሸነፈ ያለፈው ሁሉ ይረሳል፣ «ያልተሸነፈው»ም ትቆያለች። ከተሸነፈ ራሱ መሰላል ላይ ወጥቶ ቀዩን ቃል ይፍቃል። አዴ ለሊሴ አሸማገሉ፤ ጉደታም እሺ አለ። እምቢ ቢል ታፔላዋ ምን ትሆናለች?

ያን ሳምንት ጉደታ ምግብ አልበላም። ያስጨነቀው ታፔላው ብቻ አልነበረም። ሲባጎዋ ለአሥር ዓመት አንድ ነገር ሰርቃዋለች፤ እየተመራ የጨረሰው ጨዋታ የለም። ስለዚህ ከኋላ ተነስቶ ማሸነፍ ይችል እንደሆነ ራሱም አያውቅም። ጌዶ ላይ የቆመው ልጅ አሁንም ያው ልጅ እንደሆነ ወይም እንዳልሆነ የሚያይበት አንድም አጋጣሚ አላስቀረም። ሐሙስ ቀን ለአስካለች ይህንን ነገራት። አስካለች ደብተር እያረመች ነበር። ቅዳሜ ታየዋለህ አለችው።

ቅዳሜ ቤቷ ጢም አለች። በግ ሊሸጡ የመጡ በጋቸውን ይዘው በመስኮት ገቡ ቢባል ማጋነን አይደለም፤ የበጎቹ ጭንቅላት ገብቷል። አዴ ለሊሴ ቁልፉን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ከፊት ተቀመጡ። ጉደታ ብራዚል፣ ዋቅጋሪ ካሜሩን። በአሥራ ሁለተኛው ደቂቃ ካሜሩን አገባ። ጃፓናዊው ጮኸ፤ ተርጓሚው ዝም አለ። የጉደታ የእግር አውራ ጣት በራሷ ከሸበጡ ወጥታ ተዘረጋች፤ ባዶ አየር ጎተተች፤ እንደገና ጎተተች። አርባ ሰው ጣቷን አያት። እንዲህ ያለ ሳቅ በዚያ ሰፈር ተሰምቶ አያውቅም፤ ጉደታ ጆሮው ሥር ድረስ ቀላ።

እረፍት ላይ አንድ ለባዶ ነበር። ከእረፍት በኋላ ግን ሰውየው ሌላ ሆነ። የሚሸሽበት ስላልነበረው ተጫወተ። በስድሳ አንደኛው ደቂቃ አቻ አደረገ። በሰማንያ ሦስተኛው ከማዕዘን ምት በግንባር ሁለተኛውን አስቆጠረ። ሁለት ለአንድ። ከኋላ ተነስቶ። ጉደታ ቆመ፤ ወደ ጓዳው በር ዞሮ አስካለችን ፈለጋት፤ አስካለችም ፈገግ ብላ ነበር።

መብራት ጠፋ።

አርባው ሰው አንድ ላይ ወደ ጉደታ እግር ዞረ። እግሮቹ ሁለቱም መሬት ላይ ናቸው። ቀጥሎ ሁሉም ወደ ጓዳው በር ዞረ። አስካለች ሁለት እጆቿን አሳየች። ቀጥሎ ሁሉም ጆሮውን አቀና። ከመንገዱ ማዶ ወፍጮው እየደከመ፣ እየደከመ፣ ዝም አለ።

«ይሄ የእውነት ነው» አሉ አዴ ለሊሴ።

ጉደታ የእውነት መሆኑን ማለ። እየመራ እንደነበር፣ ሰባት ደቂቃ ብቻ እንደቀረ፣ ሁሉም በዓይኑ እንዳየ ለመነ። ዋቅጋሪ ኮቱን አስተካክሎ ወደ ግድግዳው ሄደ። በስልኩ ብርሃን፣ በክፍል ድምፁ፣ ቃል በቃል አነበበ፦ «ሦስተኛ፤ መብራት ከጠፋ ጨዋታው እንዳልተጀመረ ይቆጠራል።» ከዚያ ዞረ። «የማን ጽሕፈት ነው፣ ኦቦ ጉደታ?»

የጉደታ ነው። መስመሩም የጉደታ ነው፤ ሁለቱም።

መብራት ሁለት ሰዓት ቆይቶ መጣ። አንድም ሰው አልሄደም። እንደገና ከባዶ ተጀመረ። ጉደታ እጁ ከድቶት፣ ዋቅጋሪ ደግሞ ዘጠኝ ዓመት የተጠራቀመበትን ይዞ ሦስት ለአንድ ሆነ። በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ጣቷ አልተዘረጋችም። ጉደታ ሸበጡ ውስጥ አጥብቆ ይዟት እስከ መጨረሻው ተጫወተ፤ ዘጠና ሲሞላ እንኳን ኳስ ለመንጠቅ ይሮጥ ነበር። ፊሽካው ተነፋ።

ታዲያ እሱ ምን አደረገ መሰላችሁ? አፉን ከፍቶ ቴሌቪዥኑን ያያል። ስክሪኑ ላይ የተሸነፉት ተጫዋቾች አንገታቸውን ደፍተው ይሄዳሉ፤ አንዱ ሣሩ ላይ ተቀምጧል፣ ሌላው መጥቶ እጁን ይዞ ያነሳዋል፣ ማልያ ይቀያየራሉ። ጨዋታው እነዚህን ነገሮች እንደሚያሳይ ከአምቦ ልጅ ሁሉ የማያውቀው ጉደታ ብቻ ነበር። አሥር ዓመት ሲያጫውተው አንድም ጊዜ አላየውም።

«ይሄ ድሮም ነበረ?» ብሎ ዋቅጋሪን ጠየቀው።

«እኔ በልቤ ነው የማውቀው» አለ ዋቅጋሪ። «እጁን ይዞ የሚያነሳው ሰባት ቁጥሩ ነው።»

ጉደታ ሳቀ፤ መጀመሪያ ትንሽ፣ ኋላ እንባው እስኪመጣ። ከዚያ መሰላሉን አውጥቶ ወጣ። ቀዩን ቃል በቢላዋ ሲፍቅ ከሥር አርባ ሰውና ሦስት በግ ቆመው ያዩ ነበር፤ ዋቅጋሪ መሰላሉን ይዞለታል፤ እየያዘለትም ስለ ሁለተኛው ጎል ያስረዳዋል። እስካሁንም እያስረዳ ነው። ዋቅጋሪ አሸናፊ ሆኖ ከሚኖር ጉደታ አጭበርባሪ ሆኖ ቢኖር ለሰፈሩ ይሻል ነበር የሚሉ ከወዲሁ አሉ። ከሰኞ ጀምሮ ደግሞ የጉደር ሰው ሰምቶ መጣ፣ የጊንጪም መጣ፤ ከስልካቸው ቀና ያላሉ ልጆች ሳይቀሩ ጉደታን አሸንፌዋለሁ ለማለት ደጁ ላይ ተሰልፈዋል። ሁለቱ አሸነፉት፣ ዘጠኙን አሸነፋቸው። አንዱን ከሁለት ለባዶ ተነስቶ ነው ያሸነፈው። በዚያን ጊዜ መብራት አልጠፋም።

ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም። ካቺሲ ከተማ ውስጥ ትንሳኤ የሚባል የእንስሳት ሐኪም አለ፤ በ2010 አምቦ ለሥልጠና በመጣ ጊዜ ጉደታን አራት ለባዶ እየመራ ጨለማ ውጦት፣ ዕድለ ቢስ ነኝ ብሎ እስከ ዛሬ የሎተሪ ቲኬት እንኳን ቆርጦ አያውቅም። እሱ እስካሁን አልሰማም። ደውዬ ልነግረው እችል ነበር፤ ግን ይህ በስልክ የሚነገር ነገር አይደለም፣ ፊቱን ማየት አለብኝ። የካቺሲው መኪና ሞልቶ ሹፌሩ ጥሩምባውን ይነፋል፤ ቦታ ያዙልኝ፣ መጣሁ።